መሃል ላይ የወደቀችው ነጥብ

ላባ መዝኖ የሚያድር ሰው አለ ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። «ላባ ደግሞ ምን ክብደት አለው?» ይላል። እሷም የተቀጠረች ሰሞን እንዲሁ ብላ ነበር። አሁን ግን ከላባ የከበደ ነገር በዓለም ላይ የለም የሚል ሰው ቢመጣ አትከራከረውም፤ ጀርባዋን ያጎበጠው፣ ዓይኗን ያደከመው፣ እግሯን ያሳበጠው ላባ ነውና።

የምትሠራበት ክፍል በቤተ ሙከራው ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለች መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ናት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሚዛኑ ስለሚንቀጠቀጥ ሳያንኳኳ የሚገባ የለም። ማሳል አይቻልም፤ ማስነጠስማ ወንጀል ነው፤ ጠዋት ሙሉ የተለፋበት ላባ ብን ብሎ ይጠፋል። ባልደረቦቿ «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የማሽኑ ሠራተኛ ሲሆን እሱ ራሱ «ፊውዝ» ይባላል፤ ምክንያቱን አንድ ቀን አብሮት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ቱግ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይበራል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ከሐይቅ ዳር ወፎች የተነቀለ ላባ በፖስታ ተደርጎ ይመጣላታል። ታጥበዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ በቀጭን መቀስ ትከትፈዋለች። ክታፊውን በወረንጦ ይዛ፣ ከስስ ቆርቆሮ በተሠራች ከምስር ፍሬ እምብዛም በማትበልጥ ጽዋ ውስጥ ትጨምርና ትመዝናለች። ልክ ሲመጣላት ጽዋዋን ጠቅልላ ታድቦለቡላታለች። ድቡልቡሏን ፊውዝ ማሽኑ ውስጥ ያቃጥላታል፤ ማሽኑም የወጣውን ጋዝ መዝኖ ወፏ ምን ስትበላ እንደከረመች ይናገራል።

ነገሩ አስማት አይደለም። እህሉም ዓሣውም ውስጥ ካርቦን አለ፤ ካርቦን ደግሞ ቀላልና ከባድ አለው። በቆሎ ላይ ከባዱ በዛ ይላል፤ ሩዝና ስንዴ ላይ ያንሳል። ናይትሮጅን የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ዓሣና ሥጋ የሚበላ ሰውነት ከባዱን ያከማቻል። እነዚህን ቀላልና ከባድ መንትዮች ነው የተማሩት ሰዎች «ኢሶቶፕ» የሚሏቸው። ላባ የሚሠራው ወፏ በዚያ ሰሞን ከበላችው ነገር ነው፤ አንዴ አድጎ ካበቃ ደግሞ አይለወጥም። ሰው ምን በላህ ሲባል አንድም ያጋንናል፣ አንድም ይደብቃል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚባለው ለሰው እንጂ ለላባ አይሠራም።

የጥናቱ ባለቤት ዶክተሩ ነው። ከእሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ሰው የሚያከብር ትሑት ሰው ነው፣ ጥፋቱ መቸኮሉ ብቻ ነው። እነዚያ የሐይቅ ወፎች ዓሣውንም፣ የማሳውን በቆሎም፣ የከተማውን ቆሻሻ መጣያም ስለሚያዳርሱ ያገኙትን የሚበሉ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። አንድ በአንድ ሲለኩ ግን ሌላ ሆኑ። አንዷ ዕድሜዋን ከዓሣ አትወጣም፤ ሌላዋ ከቆሻሻ መጣያው ንቅንቅ አትልም። በጅምላ ሲታዩ ሁሉን በዪ፣ ለየብቻ ሲታዩ እያንዳንዷ መራጭ። ፊውዝ ይህን ሲሰማ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ማለት እኮ ነው፤ ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ማሽን?» ብሎ ነበር።

እሷ ከእነዚያ ወፎች አንዷን እንኳ በሕይወት አይታ አታውቅም። ላባቸውን ስትከትፍ ኖራ ወፎቹ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ሲይዟቸው ይሞቁ እንደሆን አታውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ዶክተሩ ከቤተ ሙከራው አንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ወደ ሐይቁ ጣቢያ እንደሚወስድ ተናገረ፤ ላባ የሚነቅልና ፖስታ ውስጥ የሚከት። መስፈርቱ አንድ ነበር፤ ናሙና ደባልቆ የማያውቅ እጅ። እዚህ ቢሮ የተሳሳተ ይደገማል፤ እዚያ ግን የሁለት ወፍ ላባ አንድ ፖስታ ውስጥ ከገባ ወፎቹ በረው ሄደዋል። በዚያ ቤት «ድብልቅ» የሚለው ቃል ስድብ ነው ማለት ይቻላል። ድብልቅ የተጻፈበት ፖስታ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው፤ የደባለቀውም ሰው ሲወራበት ይከርማል። እሷ ላይ ይህ ቃል ተጽፎ አያውቅም።

ጡረታዋ ደርሷል። ዘንድሮ ካልሄደች አትሄድም። ጉጉቷ ራሷንም አሳፈራት፤ በዚህ ዕድሜዋ ለአንድ ወፍ ልቧ እንዲህ ድው ድው ማለቱ።

ከጉዞው በፊት ዶክተሩ ለተማሪዎቹ አንድ ማሳያ ፈለገ። የሰው ጸጉርም እንደ ላባ ነው፤ የበሉትን ይይዛል። «እትዬ፣ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች ጸጉር ቢያመጡልኝ» አላት። «ወፎቹ እንዴት እንደተበታተኑ ካሳየኋቸው በኋላ አንድ ቤተሰብ እንዴት አንድ ቦታ እንደሚከመር አሳያቸዋለሁ።»

«የእኔን ቤት ላምጣልዎት?» አለች። እምቢ ማለት የማትችል ሰው ሁልጊዜ ሳትጠየቅ ነው እሺ የምትለው።

እንግዲህ ስለ ቤቷ። ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ ውሎ ይመጣል። ሐኪም ቀይ ሥጋ ከከለከለው ወዲህ ዓሣና እንቁላል ካልሆነ አይበላም፤ ቅጠል ሲቀርብለት «እኔ ፍየል ነኝ?» ይላል። አማቷ ጠዋት የበቆሎ ገንፎ፣ ማታ የበቆሎ ገንፎ ናቸው፤ ሌላ እህል ቢለመኑም አፋቸው አያስገቡም። ልጇ ደግሞ ከእንስሳ የመጣ ነገር ትታለች። ሩዝና ምስር፣ ምስርና ሩዝ ነው። በሁለት ምድጃ ሦስት ድስት መጣድ ምን ማለት እንደሆነ የጣደ ያውቀዋል። አንዱ ሲበስል ሌላው ያርራል፤ የዓሣው ማማሰያ ሩዙን ከነካ ቤቱ ይረበሻል።

ሁሉም ከበሉ በኋላ እሷ ሳህኖቹን ሰብስባ ማጠቢያው አጠገብ ትቆማለች። የገንፎው ጥርግራጊ፣ የዓሣው ጅራት፣ ልጇ የተወችው ሩዝ። እህል ይጣላል እንዴ? አንድ ሳህን ላይ ትገለብጠውና እዚያው ቆማ ትበላዋለች። «ምነው አትቀመጪም?» ያላት ሰው ካለ «እየቀማመስኩ ነው» ትለዋለች። ራት ብላ ጠርታው አታውቅም።

ጸጉር ልቆርጥ ነው ስትላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ልታስደግሚብኝ ነው?» አለ ጎሚስታው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «እስካሁን ያሰርሽኝ አይበቃም?»

«የእኔን ሽበት ምን ያደርጉለታል?» አሉ አማቷ፣ ሻሻቸውን ግን ፈታ እያደረጉ።

«ከኋላ በኩል፣ ትንሽ ብቻ እማ፤ ትናንት ነው የተሠራሁት» አለች ልጇ።

አራት ፖስታ፤ ሀ ባሏ፣ ለ አማቷ፣ ሐ ልጇ፣ መ ራሷ። አጠበች፣ ከተፈች፣ መዘነች። እያንዳንዱን ስትጨርስ ወረንጦውን በአልኮል ትጠርገዋለች፤ እጇ ለምዶት ሳታስበው ያደርገዋል።

የማሳያው ቀን ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ የወፎቹን ነጥቦች አስቀመጠ፤ ተበታትነዋል። «አሁን ደግሞ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች።» ፊውዝ ያመጣለትን ወረቀት እያየ ነጥቦቹን ጣለ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ቀኝ ዳር፣ አንዱ ታች ግራ። ወረቀቱን እንደገና አየና ሳቀ።

«እነዚህ ሰዎች አንድ ቤት ነው የሚኖሩት ወይስ ሦስት አገር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ የሦስቱ ድስት ነገር በነጥብ ተጽፎ ማየት ያስቃል። ዶክተሩ አራተኛውን ጣለና ግንባሩን ቋጠረ። የሦስቱን አማካይ አሰላ። አራተኛዋ ነጥብ እዚያው አማካዩ ላይ፣ እላዩ ላይ ነበር የወደቀችው።

«ይህቺኛዋ ደግሞ ሰው አይደለችም» አለ። «ልብ በሉ፤ ከሦስቱም እኩል የወሰደ አካል እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የሦስቱ ጸጉር አንድ ጽዋ ውስጥ ገብቶ ነው። ለእናንተ ጥሩ ትምህርት ነው።» ቀይ ቀለም አነሣና ከነጥቧ አጠገብ ጻፈ፤ ድብልቅ።

ክው አለች። ፊውዝ ዞሮ አያት።

ኮሪደር ላይ ዶክተሩ ለብቻዋ አገኛት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገራት። «እትዬ፣ ይሄ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ደክሞዎት ይሆናል። እንድገመው እንዳንል ደግሞ ማሽኑ ለወፎቹ ተይዟል። ግን ለሐይቁ… ነገ ጠዋት ስም ማስገባት አለብኝ። ይረዱኛል አይደል?»

«እረዳዎታለሁ ዶክተር» አለች። ምን ትበል? ያቺ ነጥብ እኔ ነኝ ብትል ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች፤ ለምን መሃል ወደቁ ይላታል። ይሉኝታ ምላሷን አሰረው። የቤቷን ድስት፣ ማጠቢያው አጠገብ ያለውን አቋቋሟን፣ ያን ሁሉ ለአንድ ወጣት ምሁር ከምትዘረዝር ሐይቁ ይቅር።

ፊውዝ ሚዛን ክፍሏ ድረስ ተከትሏት ገባ፤ ሳያንኳኳ። ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ።

«አንቺ ደባልቀሽ ታውቂያለሽ? ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል! ማነው አይነቅዝም ያለሽ? ካንቺ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ወፍ እፈራለሁ። በልጅነቴ ዶሮ አባርራኝ…» ቱግ እንዳለ ድንገት ጠፋ፤ ፊቷን አይቶ ነው። «እትዬ፣ መ ማን ነበር?»

«እኔ።»

ፊውዝ በሩን ቀስ ብሎ፣ ሚዛኑን ሳያንቀጠቅጥ ዘግቶ ወጣ።

ቤቷ ስትደርስ ሦስቱን ድስት ጣደች። ድካም ያለው እግር ላይ ብቻ አይደለም፤ ማማሰያ ሲያነሱ የሚሰማ ሌላ ድካም አለ፣ ዕረፍት ቢወጡ የማይለቅ። ራት ሲበሉ ነገረቻቸው፤ እንደ ቀልድ አድርጋ ነው የጀመረችው። ባሏ ዓሣውን እየቦጨቀ ሳቀ። «ድብልቅ! ትክክል ነው፣ ያንቺ ሳህን እኮ ድብልቅ ነው!» አለና ሌላው ሰው እንዳልሳቀ ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ማን ብይ አለሽ?» አለች ልጇ። ክፋት አልነበረባትም፤ ከልቧ ገርሟት ነው።

ማንም። ያናደዳት ይሄ ነው፤ የምትቆጣው ሰው እንኳ የለም። ማንም የእኛን ትራፊ ብይ አላላትም። አንድ ቀን ተርፎ በላችው፣ በማግስቱም ተረፈ።

«ሐይቁስ?» አለ ጎሚስታው ቆይቶ።

«ቀረ። ደባልቃለች ተብዬ።»

«አይ… ጥሩ አይደለም» አለ። ከዚያ ለጣራው ይመስል «ለነገሩ ሦስት ሳምንት ማን ያበስል ነበር?» ብሎ ጨመረ።

አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አሉ፣ በገዛ ልጃቸው ላይ። ሳህናቸውን ይዘው ተነሥተው ወደ ማእድ ቤት ሲያዘግሙ እሷ ልትቀበላቸው ሮጠች።

«ይተዉት እማማ፣ እኔ አነሣዋለሁ።»

«ቁጭ በይ።»

«ሳህኑን…»

«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ።» በርጩማውን በእግራቸው ገፉላት። ተቀመጠች። አሮጊቷ ማጠቢያውን ተደግፈው ቆሙ፤ እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ። «እኔ በቆሎ እንደምወድ መቼ ያወቅኩ ይመስልሻል?»

«ከልጅነትዎ ይሆናላ።»

«ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። የሱን ትራፊ፣ የልጆቹን ትራፊ ስበላ አርጅቼ። ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን ምድጃው ፊት ቆሜ፣ ምን ልሥራ ብዬ አሰብኩ። ለኔ። ብታምኚ ባታምኚ አላውቀውም። ሁሉንም ሞከርኩ። በቆሎ ደስ አለኝ።» ጥርስ በሌለው ድዳቸው ፈገግ አሉ። «ከዚያ ወዲህ ግትር ሆነሻል ይሉኛል። ልሁና።»

ያን ሁሉ ዘመን ገንፎውን እያማሰለች በልቧ ስታማርራቸው ኖራለች፤ ምን ዓይነት ግትር ሴትዮ ናቸው እያለች። እንባዋ ሲመጣ አልከለከለችውም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። አማቷ አላባበሏትም። እዚያው ቆመው ጠበቋትና ሲያበቃላት «ያ ሰውዬ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አሏት።

ጠዋት ዶክተሩ ቢሮውን ሲከፍት በሩ ላይ አገኛት። ሰሌዳው አልተጠረገም ነበር።

«ናሙናው አልተደባለቀም» አለች። «መ የኔ ጸጉር ነው። ባሌ ዓሣ ነው፣ አማቴ በቆሎ፣ ልጄ ሩዝ። እኔ የሦስቱን ትራፊ ነው የምበላው። ለዚህ ነው መሃል የወደቅኩት።»

ዶክተሩ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ። ሄዶ ቀዩን ቃል በመዳፉ ጠረገው፤ ቀለሙ በደንብ አልለቀቀም፣ እጁም ሰሌዳውም ቀላ።

«እትዬ፣ እኔ… ሰው አይደለችም አልኩ እኮ። ምን እንደምልዎት…»

«ምንም አይበሉኝ። ስሜን ያስገቡልኝ።»

አስገባላት። ከጉዞው በፊት ቤቷ በቆየችበት ሦስት ቀን ጎሚስታው ሩዝ መቀቀል እየተለማመደ ሁለት ድስት አሳረረ፤ ልጇ እየተደናበረች የአያቷን ገንፎ ማማሰል ያዘች። አማቷ ከበርጩማቸው ሆነው «ጓጎለ፣ በደንብ አማስይው!» እያሉ ያዝዛሉ። እሷ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ሳህኖቹን ልታነሣ ስትል እጇን ይመልሱታል።

ሐይቁ ዳር ጣቢያው ሁለት ክፍልና አንድ ማእድ ቤት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ዶክተሩ ከመረቡ ያወጣትን ወፍ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ትሞቃለች። ያ ሁሉ ዘመን ያልጠበቀችው ይሄን ነበር፤ ላባው ሥር ያን ያህል ሙቀት፣ ያን ያህል የሚቸኩል ልብ መኖሩን። አንድ ላባ ነቀለች፣ ፖስታው ውስጥ ከተተች፣ ጻፈችበት፣ ወፏን ለቀቀቻት። ወፏ ወደ ቆሻሻ መጣያው አቅጣጫ በረረች። ምርጫዋ ነው።

ሲመሽ ሌሎቹ መረብ ሲሰበስቡ እሷ ቀድማ ተመለሰች። ማእድ ቤት ገብታ እንደ ልማዷ ማጠቢያው አጠገብ ቆመች። ምግብ አብሳዩ፣ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ፣ ከጓዳ ብቅ አለ።

«እናቴ፣ ደህና አመሹ? ምን ልሥራልዎት?»

«አትቸገር ልጄ። የተረፈ ካለ ይበቃኛል።»

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ድስቶቹን አያቸው፤ ሁሉም ባዶ ናቸው፣ ገና ታጥበው መደፋታቸው ነው።

«ገና ማን በላና ይተርፋል?» አላት። «መጀመሪያ የመጡት እርስዎ ነዎት። ዓሣም አለ፣ ሩዝም አለ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ በቆሎ… የሚወዱትን ይንገሩኝ።»

ሰውዬው ማንኪያውን ይዞ ሲጠብቃት ወንበር ስባ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«ትንሽ ታገሠኝ ልጄ» አለችው። «እያሰብኩ ነው።»